ቅጽል ስም፦ ግዴታ ይሞላል

ደብዳቤው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ከመክፈቴ በፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቆሜ የከፈትኩት ደብዳቤ ደህና ነገር አምጥቶልኝ አያውቅም። ተቀምጬ የከፈትኩትም ያው ነው፤ ግን ቢያንስ አልወድቅም።

በድሬዳዋ ቅርንጫፍ መዝገብ ቤት ያሉት ሰነዶች በሙሉ ወደ አዲሱ የሰነድ ማስተዳደሪያ ሲስተም ይግቡ ይላል። በሚመጣው ወር አጋማሽ አንድ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ ይመጣና ሦስት ሰነዶች ይጠይቃል። እያንዳንዳቸው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ካልተገኙ መዝገብ ቤቱ ተዘግቶ ወረቀቱም ሠራተኛዋም መልካ ጀብዱ ወዳለው የድርጅቱ መጋዘን ይዛወራሉ።

ሠራተኛዋ እኔ ነኝ። የሺአረግ እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በዚህ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት መዝገብ ቤት ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቢሯችን ከዚራ ሰፈር ነው። የልጄ የኑኃሚን ትምህርት ቤትም ከዚራ ነው፤ ከኛ በር አራት ደቂቃ በእግር፣ እኔ ስደነግጥ ደግሞ ሁለት ደቂቃ። መልካ ጀብዱ ሩቅ አገር አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ተነስቼ በሁለት ደቂቃ የትም አልደርስም። አባቷ ካረፈ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ደብዳቤውን ሳልጨርስ በሐሳቤ ልጅቷን ባጃጅ ገጭቷት ነበር። ፊርማውና ማኅተሙ ጋ ስደርስ ደም የሚሰጣት ሰው እየፈለግሁ ነበር።

እራት ላይ ነገርኳት።

«እማ፣ እኔ እኮ ባጃጅ አልሳፈርም። በእግሬ ነው የምመጣው» አለችኝ።

«የሚገጨው በእግሩ የሚሄደውን ነው» አልኳት።

ሲስተሙን የምትተክለው ባለሙያ ሐናን ትባላለች፤ እዚሁ ድሬ ተወልዳ ያደገች፣ ስትናገር የምትቸኩል፣ ስትሠራ የማትቸኩል ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ወንበሯን ወደኔ አስጠግታ ሜታዳታ የሚባለውን ነገር አስረዳችኝ።

«እትዬ የሺ፣ ሰነዱን ሰውየው ነው በይው። ሜታዳታ ደግሞ የሰፈር ወሬው ነው። መቼ መጣ፣ ማን ላከው፣ ከማን ጋር ይውላል፣ የማን ዘመድ ነው። ሰውየው ሲጠፋ የምታገኚው በወሬው ነው።»

«ወሬውን የሚያወራው ማነው?»

«አንቺ!»

ሲስተሙ ከአራት መለያ ጋር ነው የመጣው፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ላኪ፣ ርእስ። ሌላውን እኛው ራሳችን እንፈጥራለን። ለእያንዳንዱ መለያ ዓይነቱን እንመርጣለን፤ ጽሑፍ ነው፣ ቀን ነው፣ ወይስ አዎና አይደለም ብቻ? ከዚያ ግዴታ ይሞላ ወይስ ባዶ ቢተውም ይለፍ? በመጨረሻ ማን ይየው? ሐናን ሁለት ቀን ሰጠችኝና «የሚያስፈልግሽን ጻፊ፣ አትፍሪ» ብላኝ ሄደች።

አልፈራሁም። ሠላሳ አንድ መለያ ጻፍኩ።

ሰነዱ ቢቃጠል ቅጂው የት ይገኛል? ቅጂውስ ቢቃጠል? ጣሪያው ቢያፈስ ከመደርደሪያው ስንተኛው ላይ ነው? ጎርፍ ቢመጣ ማን ይሸከመዋል? ያመጣው ሰው ስልክ፤ ስልኩ ባይነሳ የሚስቱ ስልክ። ሲያመጣው ተናዶ ነበር? አዎ፣ አይደለም። አይጥ ነክቶታል? አዎ፣ አይደለም፣ ገና። ሁሉንም «ግዴታ» አልኳቸው፤ ምክንያቱም ባዶ የተተወው አንዱ መለያ በኋላ የሚያስጠይቀኝ እሱ እንደሚሆን ስለማውቅ ነው።

ሐናን ለሙከራ አንድ ደብዳቤ እንዳስገባ ነገረችኝ። ሁለት ፓኬት እስክሪብቶ ይላክልን የሚል ደብዳቤ ነበር። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ውስጥ ዘጠኙ ደቂቃ ያለፈው የጻፈው ሰውዬ ሚስት ስልክ አላነሳ ብላኝ ነው።

«አቦ እትዬ የሺ» አለች ሐናን ዓይኗን እያሸች፣ «ይሄ ሜታዳታ አይደለም። ይሄ ምርመራ ነው። እስክሪብቶ የጠየቀ ሰው ሊታሰር ነው።»

«ኋላ ችግር ቢመጣ...»

«ችግሩን ተይው። አንድ ሾፌር አሁን በዚህ በር ገብቶ ፋይሌን ስጪኝ ቢልሽ እንዴት ነው የምታገኚው? በቁጥር?»

«ቁጥሩን የሚያውቅ ሾፌር የለም።»

«በስሙ?»

ሳቄ መጣ። ሾፌሮቻችን ውስጥ አሥራ አንድ ሙመድ አለ። ከአሥራ አንዱ አራቱ ሙመድ አህመድ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ አያታቸውም ዩሱፍ ነው። ተነስቼ ከመደርደሪያው አራት ፎልደር አወረድኩና ጀርባቸውን አሳየኋት። በእርሳስ፣ በትንንሹ፣ በራሴ እጅ የተጻፈ ነው፦ ፍራሽ። ሁለተኛ ማርሽ። ሐብሐብ። አራተኛው ላይ አዋላጅ። በዚህ ከተማ ሰው በአባቱ ስም የሚጠራው ፍርድ ቤት ሲቆም ነው፤ የቀረውን ዕድሜውን ሰፈሩ ባወጣለት ስም ይኖራል። እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፋይል ያገኘሁት በዚያ ነው።

ሐናን ፎልደሮቹን እያገላበጠች ቆየች። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ እኔ ግድግዳው የተደረመሰ መስሎኝ ተነሳሁ።

«ወላሂ ይሄ ነው! ሠላሳ አንዱን ጣዪው። አንድ መለያ ይበቃሻል። ቅጽል ስም!»

ፈጠርነው። ዓይነቱ ጽሑፍ። የቀሩትን ሁለት ነገሮች እንድወስን ትታኝ ስልክ ልታነሳ ወጣች። ጥፋቱ ሁሉ የተሠራው በዚያ ስልክ ጊዜ ነው።

ግዴታ ይሞላ? አንዱ ሳይሞላ ቢቀር፣ ተቆጣጣሪው ከመቶ አርባ ሰው መርጦ የሚጠይቀው እሱን ነው። ግዴታ አልኩ።

ማን ይየው? መዝገብ ቤት ብቻ ብል፣ የሆነ ቀን አንድ ሰው ተነስቶ «የሺአረግ በድብቅ የሰው ስም ትመዘግባለች» ይላል፤ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ይጠራኛል። ሁሉም ሠራተኛ ይየው አልኩ። ሴቭ አደረግሁና ከብዙ ቀን በኋላ ትንሽ ትንፋሽ ወጣልኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስካን አደረግን። ሐናን ታስገባለች፣ እኔ እነግራታለሁ። የራሴ ፋይል ጋ ስንደርስ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

«የኔ ምን ይሁን? እኔ ቅጽል ስም የለኝም» አልኳት።

«አለሽ።»

«ማነው ያወጣልኝ?»

«ሾፌሮቹ ናቸው። አትቀየሚ እሺ?» አለችና ወደ በሩ አየች። «አምቡላንስ ነው የሚሉሽ።»

«ለምን?»

«ገና ምንም ሳይሆን እየጮህሽ ስለምትደርሺ።»

የምሳ ሰዓቱን በሙሉ ተቀየምኩ። ስመለስ ግን ማስገባት ግዴታ ስለሆነ በራሴ እጅ «አምቡላንስ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉንም አሳመርኩት።

የከበደኝ የሥራ አስኪያጃችን የአቶ ወልደ ማርያም ፋይል ነው። ሁሉም የሚያውቀው፣ እሳቸው ብቻ የማያውቁት ስም አላቸው። ባዶ ልተወው ስል ሲስተሙ በቀይ ጽሑፍ «ይህ ሳይሞላ ማስቀመጥ አይቻልም» ይለኛል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስት ጊዜ ቀላ። በመጨረሻ «የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ሲስተሙ ደስ ብሎት ተቀበለኝ። ኮምፒውተር ውሸት አይለይም።

ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ሲስተሙ ለሠራተኛው ሁሉ የተከፈተው ያን ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ የመጋዘን ኃላፊው ዐብዲከሪም በሬን ሞልቶ ቆመ። ትልቅ ሰው ነው፤ ሲናገር ራሱን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራል።

«ማነው ቬንትሌተር?» አለኝ፣ ራሱን እያዞረ።

«እ... የቱ ቬንትሌተር? የአየር ማራገቢያው?»

«ከስሜ ቀጥሎ የተጻፈው!»

«ምናልባት ሌላ ዐብዲከሪም ይሆናላ።»

«አቦ አንድ ነኝ! በዚህ ድርጅት ውስጥ ዐብዲከሪም አንድ ነው!» አለ፤ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ድንገት መሃል ላይ ቆመ። «ቆይ። ስብሰባ ስገባ ሁሉም 'ሞቆን ነበር፣ እንኳን መጣህ' የሚለኝ ለዚህ ነው?»

ከኋላው ኮሪደሩ በሳቅና በጩኸት ተሞልቷል። አንዱ የሌላውን እያነበበ፣ ያኛው ደግሞ የዚህን እየፈለገ። ሐናን እየሮጠች መጣች።

«እትዬ የሺ! ለሁሉም ይታይ ብለሻል እንዴ?»

«ኮሚቴ እንዳይቋቋም ብዬ ነው» አልኳት።

«አሁን ልዝጋው?»

ልትዘጋው ስትቀመጥ አቶ ወልደ ማርያም ከተቆጣጣሪው ጋር ገቡ። ዐብዲከሪም አልወጣም፤ ጉዳዬ አላለቀም ብሎ ከበሩ አጠገብ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። ተቆጣጣሪው አቶ ፍቅረ ማርያም ይባላሉ። ቀጭን ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የለበሱትን ሹራብ ድሬ ላይም አላወለቁም። ስልካቸውን አውጥተው ሰዓት መቁጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ።

«አንደኛ፤ ያለፈው ዓመት የጎማ ግዥ ውል» አሉ።

አርባ ሰከንድ።

«ሁለተኛ፤ የመጋዘኑ ኃላፊ የቅጥር ደብዳቤ።»

ዐብዲከሪም ከበሩ ሆኖ «ቬንትሌተር ብለሽ ፈልጊ! ይወጣልሻል!» አለ። በስሙ ፈለግሁት። ሠላሳ ሰከንድ።

«ሦስተኛ፤ የሾፌር ሙመድ አህመድ የሥራ ውል።»

ጻፍኩ። አራት ሰው ወጣ።

«የትኛው ሙመድ አህመድ ነው ጌታዬ?»

«ሙመድ አህመድ ነው ያልኩት። የሚፈለገውን መለየት የመዝገብ ቤት ሥራ ነው።» ሰዓቱ አንድ ደቂቃ አለፈ።

«የአያት ስም?»

«ዩሱፍ።»

ሁለት ሰው ቀረ። ሁለቱም በአንድ ዓመት የተቀጠሩ፣ ሁለቱም ፎቷቸው ላይ አንድ ዓይነት ሸሚዝ የለበሱ። ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ አለፈ። መልካ ጀብዱ ታየኝ። መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጬ ስልኩ ሲጮህ፣ «የኑኃሚን እናት ነሽ?» ሲሉኝ፣ እኔ ደግሞ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ። አንዱ ሰው የሚባለው መቼም አይመጣም።

«ለምን ተፈለገ?» አልኩ ድንገት። «ሙመድ ምን አድርጎ ነው?»

ተቆጣጣሪው ተገረሙ፤ ግን ወረቀታቸውን ገለጡ። «የደንበኛ አቤቱታ ነው። ከጅቡቲ የተጫነ መኮሮኒ አምስት ሰዓት ዘግይቶ ገባ። ሾፌሩ በሰጠው ቃል፣ ደወሌን አልፎ መንገዱ መሃል ግመል ስትወልድ አግኝቶ...»

«አዋላጅ!» ብዬ ጮህኩ።

ጻፍኩት። አንድ ፋይል ብቻ ወጣ። ሙመድ አህመድ ዩሱፍ፣ ፎቶው፣ ውሉ፣ ሁሉም። ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ።

አቶ ፍቅረ ማርያም መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ። «አዋላጅ የሥራ መደቡ ነው?»

«ቅጽል ስሙ ነው። መኪናውን በመንገዱ አጋድሞ አቁሞ፣ ሌላ መኪና እንዳይገጫት ጠብቋት ነው። ጓደኞቹ በዚያው ሳምንት አወጡለት።»

«ቅጽል ስም በየትኛው መመሪያ ነው የሰነድ መለያ የሆነው?»

«በድሬ መመሪያ» አለች ሐናን።

ተቆጣጣሪው አልሳቁም። ሆኖም ወንበር ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡና ራሳቸው መፈለግ ጀመሩ። ሁለተኛ ማርሽን አወጡ። ፍራሽን አወጡ። አምቡላንስን አወጡና ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። የሰዓት መቁጠሪያውን ዘጉት፣ ቅጹን አወጡና «ሦስቱም ተገኝተዋል፤ መዝገብ ቤቱ ባለበት ይቀጥል» ብለው ጽፈው ፈረሙ። «የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅም ይፈርሙበት» ብለው ቅጹን ለአቶ ወልደ ማርያም ሰጧቸው።

አቶ ወልደ ማርያም እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። ልክ ሊፈርሙ ሲሉ፣ ተቆጣጣሪው ለጨዋታ ያህል የሥራ አስኪያጁን ስም ጽፈው ፈለጉ።

«ወልደ ማርያም። ቅጽል ስም፦ የለውም» ብለው አነበቡ።

እስክሪብቶው ተመልሶ ተከደነ።

«የለውም?» አሉ አቶ ወልደ ማርያም።

ኪቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አቀናሁ።

«ወይዘሮ የሺአረግ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ድሬ ኖሬ፣ የለውም?»

«ጌታዬ፣ ማለቴ፣ እርስዎ የተከበሩ...»

«ዘበኛው አለው?»

«አለው።»

«ዐብዲከሪም?»

«ቬንትሌተር!» አለ ዐብዲከሪም፣ አሁን ደረቱን ነፍቶ።

«አምና የተቀጠረችው የጽዳት ሠራተኛስ?»

«አላት።» ውሸት ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ሁለት አላት።»

«ሁለት!» አሉና ቅጹን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት። «እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ ማለት ነዋ። ገና ከባቡር እንደወረደ ሰው። ይሄ ሲስተም ስለ ሠራተኛው በትክክል የማያውቅ ከሆነ እኔ ምኑ ላይ ነው የምፈርመው?»

ያልተፈረመውን ወረቀት አየሁት። እውነቱን ብናገር ተቆጥተው አይፈርሙም። ባልናገር አዝነው አይፈርሙም። በሁለቱም በኩል መልካ ጀብዱ ነው። እንዲህ ሲሆን፣ ማለትም የፈራሁት ነገር በሁለቱም በኩል ሲመጣ፣ የሚገርም ነው፣ ሰውነቴ ቀለል አለኝ። የምመርጠው ክፉ ነገር አልነበረማ።

«አለዎት» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ቅጽል ስም አለዎት። አጀንዳ ሁለት ነው የሚባሉት።»

ሐናን ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ዐብዲከሪም እንኳ ራሱን ማዞር አቆመ። አቶ ፍቅረ ማርያም «ለምን?» ብለው ጠየቁ፤ ለማወቅ ብቻ።

«ስብሰባ ላይ» አልኩ፣ አንዴ ስለጀመርኩት፣ «ሁልጊዜ አጀንዳ አንድን ካስረዱ በኋላ 'ወደ አጀንዳ ሁለት እንሻገራለን' ይላሉ። ተሻግረን አናውቅም።»

አቶ ወልደ ማርያም ወደኔ ዞሩ። አምቡላንስ የሚያስፈልገው ለእኔ ለራሴ ነበር።

«ማን አወጣው?»

«ሾፌሮቹ ናቸው።»

«መቼ?»

«እኔ ስቀጠር ነበረ።»

«ሃያ ዓመት!» አሉ። ከዚያ ጥርሳቸው ታየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ የኋላ ጥርሳቸው ወርቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። «ሾፌሮቹ! እነሱ እኮ ለወደዱት እንጂ ለማንም አያወጡም። ታዲያ ለምን ትደብቂኛለሽ? እኔ ሳልፍ ሲስቁ ሱሪዬ የተቀደደ እየመሰለኝ ስንቱን ሱሪ ቀየርኩ! ጻፊው። አሁኑኑ አርሚው።»

አረምኩት። እስክሪብቶውን እንደገና ከፈቱ።

«ግን አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት» አሉ፣ እስክሪብቶውን እንደያዙ። «አጀንዳ አንድ ሁልጊዜ ለምን ረጅም እንደሚሆን ልንገራችሁ...»

ሃያ አምስት ደቂቃ ነገሩን። አቶ ፍቅረ ማርያም በመጨረሻ ሹራባቸውን አወለቁ። ሐናን ሁለት ጊዜ ወጥታ ገባች። ዐብዲከሪም ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው፤ ተኝቶም ራሱን ያዞር ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ከእስክሪብቶው ጫፍ አልነቀልኩም። ቀለሙ ቢያልቅስ? እጃቸው ላይ ቢሰበርስ? አንዴ ወደ ወረቀቱ ወርዶ ተመልሶ ለማብራሪያ ተነሳ። በስተመጨረሻ አቶ ፍቅረ ማርያም ቅጹን በሁለት እጃቸው ይዘው ከእስክሪብቶው ሥር አስገቡት፤ ንግግሩም ሳይቋረጥ ተፈረመ።

በማግስቱ ጠዋት ከመዝገብ ቤቱ በር ላይ ስምንት ሰው ተሰልፎ አገኘሁ። ሊከሱኝ መጡ አልኩ። ለካ ሁሉም ማመልከቻ ይዘው ነው። ሐናን በዋዜማው ከሰዓት መለያውን ለመዝገብ ቤት ብቻ እንዲታይ ልታደርገው አስባ፣ ሠራተኛው «የኔን ያላየሁት አለ» ብሎ አልፈቀደም። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሕጋዊ መንገድ መጣ። ፍራሽ ወደ ስፖንጅ ከፍ እንዲልለት ይጠይቃል። ሐብሐብ አሁን ስለከሳሁ ይታይልኝ ይላል፤ ክብደቱ የተጻፈበት ከፋርማሲ ያመጣው ቁራጭ ወረቀት አያይዟል። የጽዳት ሠራተኛችን ቱሪያ ከሁለቱ አንዱ ይሰረዝልኝ፣ የትኛው እንደሚሆን ግን ገና አልወሰንኩም ብላለች። ዐብዲከሪምም ነበር።

«አንተስ ወደ ምን ይቀየርልህ?» አልኩት።

«አይቀየር» አለ ራሱን ከቀኝ ወደ ግራ እያዞረ። «ሌላ ሰው በዚህ ስም እንዳይጠራ ዝጊልኝ።»

ስምንቱንም መዘገብኩ። ቁጥር፣ ቀን፣ ላኪ፣ ርእስ፣ ቅጽል ስም። አንድም ሚስት ጋ አልደወልኩም። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ በዚህም ትንሽ ፈራሁ፣ የሆነ ነገር የረሳሁ መስሎኝ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነስቼ ወጣሁ። በአራት ደቂቃ ትምህርት ቤቱ በር ደረስኩ። ኑኃሚን ከጓደኞቿ ጋር ዛፉ ጥላ ሥር ቆማ ነበር፤ ሙሉ እጅ፣ ሙሉ እግር፣ ምንም ያልሆነች። አየችኝ። ዓይኗን አፍጥጣ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ እማ በናትሽ፣ እዚህ እንዳትጠሪኝ፣ እጅሽንም እንዳታነሺ ማለቷ ነው።

ሁለቱንም እጄን አነሳሁ።